ከባሕር ዛፍ በፊት

ወዳጄ ስልኳን በአግድም ይዛ ወደ ተራራው አነጣጠረች፤ ትንሽ ቆየችና ሳታነሣ መለሰችው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የታክሲው መጨረሻ ላይ ነን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። ጉሙ ከእንጦጦ ወገብ ገና አልተነሣም፤ ከጉሙ በላይ የጫካው አናት ጠቁሮ ይታያል። እኔ የማየው የልጅነቴን ተራራ ነው፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እዚያው ያለውን፣ እንደ አያት የማስበውን። እሷ የምታየው ግን ሌላ ነው።

«ከዚህ ሁሉ ዛፍ በ1882 የነበረ አንድም የለም» አለችኝ።

ወዳጄ ድራማ ትጽፋለች፣ ታዘጋጃለችም። ሁለት ዓመት የደከመችበት ተከታታይ የታሪክ ድራማ የሚከፈተው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም፣ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት የተባሉበት ዕለት። አሁን የቀረጻ ቦታ መረጣ ላይ ናት። እኔ ኮተቤ ስላደግሁና የየካን ጋራ አቋራጭ ስለማውቅ «ሁለት ቀን ስጠኝ» ብላ ያዘችኝ። ከኋላችን የድምፅ ባለሙያው፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ልጅ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ይከተለናል።

ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ስሙ ራሱ ይናገራል። አገሩ አውስትራሊያ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ሐሳቡን ያመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ አውቀው ነበር። ዓይኔን ወደ ተራራው አንሥቼ ግን አስቤው አላውቅም። እንግዲህ ንግሡ ሲፈጸም በዚህ ጋራ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሠራዊቱ ወደ አድዋ ሲከት እንኳ ቢኖር ችግኝ ነው። በየቪዲዮ ክሊፑ፣ በየፊልሙ «ጥንት» ለማለት የምናቆመው ያ የእንጦጦ ጫካ ከታሪኩ በዕድሜ ያንሳል።

«ታዲያ ጥድ ያለበት ፈልጊያ» አልኳት፤ አዋቂ መስሎኝ።

ራሷን ነቀነቀች። ጥዱም ቢሆን በዚያ ዘመን እያለቀ ነበር። ምኒልክ እንጦጦ ላይ የከተሙት ከፍታው ለጠላት ስለማይመች ነው፤ ግን ቤተ መንግሥት ብቻውን አይከትም፤ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ቤት ሠራተኛው፣ ከብቱ አብሮ ይከትማል። ይህ ሁሉ ሰው ማገር ይፈልጋል፣ ወራጅ ይፈልጋል፣ ካስማ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ሌሊት የሚነድ እሳት ይፈልጋል፤ እንጦጦ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጥዱና ወይራው ለዚያ ወረደ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው በ1879 አዲስ አበባን ሲመሠርቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ብርድና የእንጨት እጦት ነበር። አዲስ አበባም በተራዋ እንጨት ስትጨርስ ሌላ ከተማ፣ አዲስ ዓለም፣ መሠራት ጀምሮ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያጸናት ቶሎ የሚያድገው ይህ የባሕር ማዶ ዛፍ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል።

ስለዚህ እውነተኛው የጥቅምት 1882 እንጦጦ ደን የለበሰ አይደለም። ክረምቱ ገና የተለየው ለምለም ሣር፣ በሣሩ መሐል ጉቶ፣ ከጉቶው ወዲያ ነጭ ድንኳን፣ የሣር ክዳን፣ ጢስ ነው።

«ዛፍ ፍለጋ አይደለም የወጣነው» አለች፤ «ዛፍ የሌለበት ፍለጋ ነው።»

ከፈረንሳይ ተነሥተን በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ወደ መገናኛ ወረድን። ከአድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ሲልኩ ምኒልክ በዚህ በምሥራቁ ወገን ሰፋፊ መሬት ሰጧቸው፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የሩሲያ ኤምባሲዎች ዛሬም እዚሁ የካ ውስጥ ናቸው። በታክሲው መስኮት የኤምባሲውን አጥር ሳይ ከአጥሩ በላይ የወጣው ጥቁር አረንጓዴ ቅርንጫፍ ከመንገዱ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ በመልኩም በአቋቋሙም እንደሚለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ አልኩ። በዚህ ከተማ አገር በቀል ዛፍ በብዛት የቆየው ሁለት ቦታ ነው፤ የኤምባሲ ቅጥርና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር።

የመጀመሪያውን ቀን ለየካ ሰጠነው። ከኮተቤ መንገድ ወደ ሰሜን ታጥፈን፣ ቤቱ እየሳሳ፣ ኮብልስቶኑ ወደ አፈር እየተለወጠ ዳገቱን ያዝን። የምወስዳት ወደ ዋሻ ሚካኤል ነው። ከአንድ ወጥ ድንጋይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ላሊበላን ያየ ሰው እጁን ወዲያው ያውቀዋል። ትውፊቱ አብርሃና አጽብሃ አሠሩት ይላል፣ ተመራማሪዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። ጣሪያው ወድቋል፣ ክረምት ሲሆን ውስጡ ውሃ ያቁራል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ ጉድጓዱ ወረድን። ወዳጄ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። የመሮው ምት አሁንም ይነበባል፤ ጣት የሚያክል ስርጉድ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ፤ ጠራቢው ቀኝ እጁን ይጠቀም እንደነበር መገመት ይቻላል። በስርጉዶቹ ውስጥ የድንጋይ ሽበት ተጣብቋል። ከዚያ ቀና ብላ አየች፤ እኔም አየሁ። ከታች ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ያለው ግድግዳና ሰማይ ብቻ ነው። ዛፍ የለ፣ ቆርቆሮ የለ፣ ፎቅ የለ። የቀኑን የመጀመሪያ ፎቶ ያነሣችው ያኔ ነው።

ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ይጠብቁናል።

«እንደምን አደሩ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለሠርግ ነው ለክሊፕ?»

«ለድራማ ነው አባቴ። የታሪክ ነው፣ የምኒልክ ዘመን።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ዙሪያውን ቃኙ፤ ከዚያ በትራቸውን አነሡ። «እንግዲያውስ ያን አምፖል እንዳታሳዩት፤ ምኒልክ ሲነግሡ አልነበረም።» ቅርንጫፍ ውስጥ የተደበቀ የመብራት ምሰሶ ነው። ሦስታችንም አላየነውም ነበር። ወዳጄ ጎንበስ ብላ አመሰገነቻቸው። ከእሳቸው ከተለየን በኋላ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ነገር አወጋችኝ። ገንዘብ እንዲያወጡ የጠየቀቻቸው ሰዎች «ይህን ሁሉ ማን ልብ ይለዋል?» ብለዋታል። «አየህ» አለችኝ፤ «እኒህ አባት ቴሌቪዥን ሲያዩ ያንን ምሰሶ ያያሉ። ካዩት በኋላ ንጉሡ የሚናገረውን አያምኑም።»

ኮተቤ ስንደርስ ያደግሁበትን ግቢ ከውጭ አሳየኋት። ቤቱ ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። እኔ ታሪክን መጀመሪያ ያየሁት በጆሮዬ ነው፤ በዚያ ግቢ፣ በጎረቤት ሬድዮ። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ እናቶች የቡናውን ረከቦት ወደ ሬድዮው ቤት ይዘው ይሄዱ ነበር። አንድ ሰው ነው፤ ግን ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ጉሮሮው ይወፍራል፣ ጉዱ ካሣን ሲሆን ሌላ ሰው ይገባበታል፣ ሰብለ ወንጌልን ሲያመጣት ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔ ጎጃምን በዓይኔ አላየሁም። ስለዚህ የሰብለን ቤት የማውቀው ቦታ ላይ ሠራሁት፤ የካ ጋራ ላይ፣ ከኋላው ባሕር ዛፍ ተሰልፎ። ማንም አላረመኝም፤ ለእኔ ብቻ የተሠራ ቤት ነውና።

ሬድዮ ይህ ጸጋ አለው። ያዳመጠ ሁሉ የራሱን ዲማ፣ የራሱን ማንኩሳ ገንብቷል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ መጽሐፍ በቅርቡ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ወደ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። ቴሌቪዥን አንድ ፊት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍ መምረጥ አለበት። ተመልካቹ ደግሞ የራሱን ሰብለ በልቡ ይዞ ነው የሚቀመጠው። በዚህ ሸክም ሥር ገብቶ ሥራውን የጀመረ ሰው ሁሉ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን፣ እጅ ሊነሣለት ይገባል ባይ ነኝ።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ታሪካችን ቤቱን ያደረገው ግን መድረክ ላይ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ»ን እና «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ሰጠን፤ ማሞ ውድነህ «አሉላ አባ ነጋ»ን። መድረክ ላይ ተራራን በአንድ ሸራ መሳል፣ ሠራዊትን በአምስት ሰው ማሳየት ይቻላል፤ ተመልካቹም ቀሪውን ከራሱ ይሞላል። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ግን በየሳምንቱ መብላት የሚፈልግ ልጅ ነው። ለቀጣዩ ሳምንት አንድ ክፍል መድረስ አለበት፣ ስፖንሰሩ ካልቀጠለ ይቆማል። ስለዚህ ባለሙያዎቻችን አንድ ሰው ቪላውን ሲያውሳቸው እዚያው ሳሎን ውስጥ ይቀርጻሉ። «ገመና» እና «ሰው ለሰው» አገር ሙሉ ያስመሹት በከተማ ቤትና በከተማ ቢሮ ነው፤ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲቀርብ የነበረውን ጸጥታ የማያስታውስ የለም። በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው «እረኛዬ» ከሳሎኑ ወጥቶ ገጠር ሲገባ፣ ድርብወርቅ ሰይፉም እናና ሆና ደጃፏ ላይ ስትቀመጥ፣ ሰው በሩ እንደተከፈተ ተሰማው። ከገጠሩ በር ቀጥሎ ያለው በር የታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚያን ዕለት ማታ የድምፅ ባለሙያው ልጅ በስልኩ አንድ ነገር አሳየኝ፤ የቱርኩን «ዲሪሊሽ ኤርቱግሩል»። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ከያኒዎቻችን ያሰሙትን ተቃውሞ አስታውሳለሁ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነበር። ይህኛውን ግን ልጁ የሚያየው እንደ ተማሪ ነው። ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም. በአምስት ምዕራፍ፣ 150 ክፍል ታይቷል። የነገዱ ድንኳንና የእንጨት ምሽግ የተሠራው ከኢስታንቡል ወጣ ብላ ባለች ሪቫ በምትባል መንደር ነው፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላም ሰው ሊጎበኘው ይሄዳል። የፈረስ ግልቢያውንና ውጊያውን ያሠለጠኑት ደግሞ ከካዛክስታን የመጡ ባለሙያዎች ናቸው።

«እኛ ከየት እናመጣለን ጋሼ?» አለኝ።

ከየትም ማምጣት የለብንም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለመዘከር የቆመ ማኅበር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ ላይ የሚወጣው ፈረስ ምድሩን ያንቀጠቅጣል። አባ ዳኘው፣ አባ መላ፣ አባ ነፍሶ፣ አባ ነጋ እያለ ጀግናውን በፈረሱ ስም የጠራ አገር ጋላቢ አይቸግረውም። የሚቸግረው ፈረሱን ከእንጅባራ እዚህ የሚያደርስ፣ ገለባውንና የጋላቢውን አበል የሚከፍል ነው። ወዳጄ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው። ለሰፊው የሜዳ ትዕይንት ያሰበችው መንዝን ነው፤ የጓሳን ሣር። ምኒልክ ከአንኮበር የመጡ የሸዋ ሰው ናቸው፤ የጓሳ ሜዳ የ1882ን እንጦጦ ከዛሬው እንጦጦ ይልቅ ይመስላል ትላለች። ተከራክሬያት ነበር። አሁን ግን ትክክል ናት እላለሁ፣ ልቤ ባይወደውም።

በሁለተኛው ቀን ከሽሮ ሜዳ ጀመርን። የአበሻ ልብስ ገበያው ገና እየተከፈተ ነው፤ ነጩ ቀሚስ በየበሩ እየተሰቀለ። ወዳጄ አንዷን ባለ ሱቅ «እህቴ፣ ፈትል አሳዪኝ፣ ጥለት የሌለው» አለቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያወጣችው መነን ነው፤ ለስላሳ፣ ክሩ እኩል። ወዳጄ ወደ ብርሃን አውጥታ በሁለት ጣቷ ወጠረችው። ክሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ማሽን ያወጣው። ቀጥሎ የእጅ ፈትሉ መጣ። እዚህ ላይ ክሩ ወፈር ይላል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀጥናል፣ ከዚያ ትንሽ እብጠት አለ፤ ፈታይዋ እንዝርቷን አቁማ ልጅ ያባበለች፣ ወይም ወጥ ያማሰለች ይመስል። ዳሩን ስትገለብጠው ከድሩ መሐል አንድ የጥጥ ፍሬ ቅንጣት፣ ነቁጥ የምታህል፣ ተፈትላ ገብታለች።

«ይህን ካሜራ ያየዋል?» አልኳት።

«ካሜራ ሌላውን ነው የሚያየው» አለችኝ። ጥለቱ ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ ክር መብራት ሲያርፍበት ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ መኳንንቱ ሁሉ የዘንድሮን ሠርግ ይመስላሉ። ለወታደሩ አቡጀዲ አስባለች፤ ያኔም ከውጭ ይገባ ነበርና። ባለ ሱቋ ወሬያችንን ስትሰማ ቆይታ «እናቴ የፈተለችው ቤት አለ፣ አርጅቷል ብዬ አላወጣሁትም» አለች። ለሰኞ ተቀጣጠሩ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ስንወጣ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ወደ ታች ስትወርድ አገኘናት። ዕድሜዋ ከስልሳ አያንስም። ጀርባዋ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከእሷ ቁመት ይረዝማል፤ ገመዱ ደረቷ ላይ ተጠላልፎ ታስሯል፣ ፊቷ ወደ መሬት ነው። መንገድ ለቀንላት።

«እናቴ፣ በርቱ።»

«አሜን ልጄ፣ እናንተም በርቱ።» ሳትቆም ነው የመለሰችው፤ ከቆመች መነሣቱ ይከብዳታል።

ወዳጄ ዞር ብላ እስክትሰወር አየቻት። ስልኳን አላወጣችም። ከዚያ ዳገቱን ጥቂት ሄደን፣ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ስቆም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስትፈልገው የነበረውን ነገር ነገረችኝ። በዚህ ተራራ ላይ ካየነው ሁሉ ከ1882 ወዲህ ያልተለወጠው የዚያች ሴት ጀርባ ነው። ያኔም ለዚያ ሁሉ እሳት እንጨቱን ያመጣ ሰው ነበረ። ማለዳ ተነሥቶ፣ ጉቶ በጉቶ እየተሻገረ፣ ጫካው በራቀ ቁጥር ርቆ የሄደ። ዜና መዋዕሉ የንጉሡን፣ የጳጳሱን፣ የራሶቹን ስም ይዘረዝራል፤ የግብሩን ብዛት ይናገራል። ግብሩ የበሰለበትን እንጨት የተሸከመችው ሴት ስም የለም።

«ዘውዱ ሲጫን እሷ የት ነበረች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ እሷም አልጠበቀችም።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ምእመናኑ ይወጣሉ። ስምንት ማዕዘኑን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ወደ ቤተ መንግሥቱ ተሻገርን። መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ በትንሽነቱ ይደነግጣል። የጭቃ ግድግዳ፣ የኖራ ልስን፣ የሣር ክዳን። የግድግዳው ጥግ ላይ ኖራው ተልጦ ውስጡ ይታያል፤ ከጭቃው አንድ የጤፍ ጭድ ወጥቶ በነፋሱ ይርገበገባል። ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ የተመረገ ግድግዳ፤ ኮተቤ የአያቴ ቤት የተመረገበት መንገድ። ይህን የመሰለ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አገር የመራ መንግሥት ሳስብ ክብሩ አላነሰብኝም፣ ጨመረብኝ እንጂ። በቤተ ክርስቲያኑ ሙዚየም ውስጥ ያሉት ካባዎችና ዘውዶች ወርቅ ናቸው፣ ቤቱ ጭቃ ነው፤ ድራማው ሁለቱንም በአንድ ትዕይንት ማሳየት ከቻለ ትልቅ ነገር ይሆናል።

ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ዙሪያውን ስናይ ግን ሥራው ይታወቃል። በአንድ ወገን የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት፤ ሌሊት ሲሠራ ባላይም ስለሱ ሳስብ እኮራለሁ። በሌላው ወገን በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ። ከታች ከተማው ፎቅ በፎቅ። ቀሪው ባሕር ዛፍ። በየቦታው አገር በቀል ችግኝ እየተተከለ ነው፤ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የታሪክ ድራማ ሊሠራ እዚህ የሚወጣ ልጅ ደግሞ በ1882 ያልነበረ የጥድ ደን ያገኛል።

ወዳጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የመጀመሪያውን ትዕይንት ቀየረችው። ሕዝቡን አታሳይም። ዘውዱንም አታሳይም። የምታሳየው ከሥርዓቱ ርቃ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ቀርታ የቆየች አንዲት ጥድ ሥር እንጨት የምትለቅም ሴት ነው። ፊቷን፣ እጇን፣ ገመዱን። ንግሡ ለእሷ የሚደርሳት በጆሮ ነው፤ ነጋሪቱ፣ እልልታው፣ የተኩሱ ማስተጋባት። ቀና ትላለች፣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ እንጨቷን ታስራለች። እኔ ስሰማ ወጋየሁ ንጋቱ ትዝ አለኝ፤ ሬድዮው፣ ረከቦቱ፣ ጸጥ ያለው ቤት።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ልጁ ማይክሮፎኑን ከቦርሳው አወጣ፣ ለዚያ ትዕይንት የሚሆን የተራራ ድምፅ ሊቀዳ። ከፓርኩ ወገን ራቅ አለ፣ መኪና በማይሰማበት። ማዳመጫውን አደረገ፣ ትንሽ ቆየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ይስሙት እስቲ።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዝናብ ነው። የጠራ፣ ፈጣን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዓይነት ዝናብ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ አንድ ደመና የለም። የባሕር ዛፉ ቅጠል ነው። ረጃጅሙ ቅጠል ተንጠልጥሎ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ የተላጠው ቅርፊት ግንዱን ይመታል። ዕድሜ ልኬን የእንጦጦ ነፋስ ብዬ የማውቀው ድምፅ ይህ ነው። ከምስሉ ለማስወጣት ሁለት ቀን የደከምንበት ዛፍ በጆሮ ገባብን።

ወዳጄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተመለሰች። አንድ ቄስ አስፈቀደች፤ «አባ፣ ለጥቂት ደቂቃ እዚያ ዛፍ ሥር ብንቀመጥ?» እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመው ፈቀዱልን። ጥዷ አርጅታለች፤ ግንዷ እንደ ገመድ ተጠምዝዟል፣ አንደኛው ወገኗ ደርቋል። ልጁ ማይክሮፎኑን ከግንዷ አጠገብ አቆመ። ሦስታችንም ጀርባችንን ለቅጥሩ ሰጥተን ተቀመጥን።

ማዳመጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ሰጠኝ። እዚህ ነፋሱ አይጋጭም። ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው፤ ሰው አፉን ዘግቶ ሲያንጎራጉር የሚሰማው ዓይነት። ልጁ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም እንድንል ነገረን፤ አራት ደቂቃ ቀዳ። ወዳጄ ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የድሮውን ገጽ ሰረዘችና አዲስ ጀመረች። ከጎኗ ሆኜ አነበብኩት፦ «ክፍል 1። ትዕይንት 1። ውጭ፣ ጠዋት።» ከሥሩ፣ ለብቻው መስመር ላይ፦ «ድምፅ — ጥድ።»